ዊልቸርህ የታለ?

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የገበያ ሕንፃ ገብቼ፣ ሆዴን ይዤ ጥበቃ ፊት ቆምኩ። ከጥበቃው ጀርባ ያለው በር ላይ የታወቀው ሰማያዊ ምልክት ተለጥፏል፤ ነጭ ዊልቸር፣ ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠ ነጭ ሰው። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው። የወንዶች ሽንት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ መብራት ከሄደ ጀምሮ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቁልፉን ይስጡኝ። አሞኛል።»

ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ተመለከቱኝ። ላፕቶፕ ያነገተ፣ በሁለት እግሩ የቆመ፣ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ።

«ዊልቸርህ የታለ?» አሉኝ።

ሦስተኛ ፎቅ አልደረስኩም። ከዚያ በላይ አልነግራችሁም።

ያለብኝ በሽታ አልሰረቲቭ ኮላይትስ ይባላል። ሰውነቴን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ሥርዓት ትልቁን አንጀቴን እንደ ጠላት ያጠቃዋል፤ አንጀቱ ይቆስላል፣ ይደማል። ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ «አሜባ ነው» እየተባልኩ ኪኒን ስውጥ ነበር። ደህና በሆንኩበት ወር ኳስ እጫወታለሁ። ሲነሳብኝ ግን አሁን ካለ አሁን ነው፤ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ቢሰጠኝ ነው። ስልኬ ካርታ ላይ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ድረስ የምገባባቸው ሽንት ቤቶች ሁሉ ኮከብ ተደርጎባቸዋል። ከውጭ ለሚያየኝ ሰው ግን ምንም የለብኝም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አንድ ሲስተም መግባት የሚገባውን ሰው ሲመልስ «ተጠቃሚው ነው ያጠፋው» ብለን አናልፍም። ሕጉን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ወደ ኋላ ሄደን እናያለን። እኔም ቤቴ ተኝቼ የዚያን በር ሕግ ማን እንደጻፈው ማንበብ ጀመርኩ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከምልክቱ በፊት ይጀምራል። 1961 ላይ አሜሪካ ውስጥ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ የሚያደርግ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአሠራር ደረጃ ወጣ። ኤ 117.1 ይባላል። ሥራውን የመራው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሆን ፕሮግራም ያቋቋመው ቲሞቲ ኑጀንት ነው። ሰነዱ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። የገረመኝ ግን ማንን እንደሚቆጥር ነው። ዊልቸር የሚጠቀሙትን ብቻ አይልም፤ ማየትና መስማት የተሳናቸውን፣ በእርጅና የደከሙትን፣ መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸውን፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ሳይቀር ይጠቅሳል። ልብና ሳንባ! ማን ከውጭ ያየዋል? ማለትም ገና ከጅምሩ፣ ወረቀቱ ላይ፣ የማይታየውም ሰው ነበረ።

ታዲያ የት ጠፋ? እኔ እንደገባኝ ስዕሉ ውስጥ ነው የጠፋው።

1968 ላይ ስቶክሆልም በተካሄደ የኖርዲክ አገሮች የዲዛይን ተማሪዎች ሴሚናር ላይ ሱዛን ኮፎድ የምትባል ዴንማርካዊት ተማሪ አንድ ምልክት ነደፈች። በጥቂት መስመር የተሠራ ዊልቸር ነው፤ ጭንቅላት እንኳ አልነበረውም። ኋላ ላይ ምልክት የሚመርጠውን ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የሚመራው ስዊድናዊው ካርል ሞንታን ከላይ ክብ ጨመረበትና ወንበሩ ሰው ተቀመጠበት። 1969 ደብሊን ላይ የተሰበሰበው የሪሃቢሊቴሽን ኢንተርናሽናል ጉባኤ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ የዓለምን በር አዳረሰ። 2005 ላይ ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ዛሬ ኢሞጂ ሆኖ ስልካችሁ ውስጥ አለ።

ምልክቱን እዚህ የማነሳው ላጣጥለው አይደለም፤ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ሥራው ግን «በዚህ በኩል መግቢያ አለ» ማለት ነበር። አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። እኛ ግን የስም ዝርዝር አድርገን አነበብነው፤ ስዕሉን የመሰለ ይግባ፣ ያልመሰለ ይመለስ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «አካል ጉዳተኛ» እንላለን፤ ቃሉ ራሱ የተጎዳ አካል አሳየኝ ይላል። አንጀት አካል እንደሆነ ማን ያስባል?

ስለዚህ ቀጣዮቹ ዓመታት የማስረጃ ታሪክ ሆኑ። ብሪታንያ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የተሠሩ ሽንት ቤቶች እንዳይበላሹ እየተባለ ይቆለፉ ነበር፤ የሚፈልጋቸው ሰው ቁልፍ ያዡን ፍለጋ መዞር ነበረበት። ልክ እንደ እኔና እንደ ጋሼ። 1981 ላይ አንድ መላ ተገኘ፤ አገሪቱ ውስጥ ያሉትን እነዚህን በሮች የሚከፍት አንድ ዓይነት ቁልፍ። ባቋቋመው ማኅበር ምህጻረ ቃል «ራዳር ቁልፍ» ይባላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሽንት ቤቶችን ይከፍታል። ያ ቁልፍ የከፈተው በር ብቻ አይመስለኝም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ለማንም ስለ ሆዱ ማውራት የለበትም።

ሁለተኛው ማስረጃ ወረቀት ነው። አሊ ቤይን የተባለች የ14 ዓመት አሜሪካዊት ልጅ ክሮንስ የሚባል፣ ከእኔው ጋር የሚዛመድ የአንጀት በሽታ ነበረባት። ከእናቷ ጋር ልብስ መደብር ውስጥ ሳለች በሽታዋ ተነሳባት፤ የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ብትለምን ተከለከለች፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ አመለጣት። እናትና ልጅ ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አላሉም። ወደ ሕግ አውጪ ሄዱ፣ 2005 ላይም «የአሊ ሕግ» ጸደቀ። ሱቁ የሠራተኞች ሽንት ቤት ካለው፣ እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበትና የሐኪም ማስረጃ የያዘ ደንበኛን ማስገባት እንዲኖርበት የሚያደርግ ሕግ ነው። ግዛቷ ማን ናት? ኢሊኖይ። ያ ባለ ስድስት ገጽ ሰነድ የተዘጋጀባት ግዛት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። 2016 ላይ ለንደን አጠገብ ያለው ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የማይታይ ጉዳት ላለባቸው መንገደኞች የሱፍ አበባ የታተመበት አረንጓዴ ማንጠልጠያ ማደል ጀመረ። ዛሬ ብዙ አገር ገብቷል። በብሪታንያ ሱፐርማርኬቶች ሽንት ቤቶች በር ላይም «ሁሉም የአካል ጉዳት አይታይም» የሚል ጽሑፍ ማየት ተለምዷል።

ቁልፉም፣ ወረቀቱም፣ አበባውም የብዙ ሰው ኑሮ አቅልለዋል። ግን አንድ ላይ ሳያቸው ሁሉም የሚመልሱት ያንኑ የጋሼን ጥያቄ ነው። ዊልቸርህ የታለ? ይኸው ቁልፌ፣ ይኸው ወረቀቴ፣ ይኸው አበባዬ።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና ሽንት ቤት እንዲኖረው አዝዟል። ዊልቸር የሚጠቀሙትን ብቻም አላለም፤ መራመድ የሚችሉ ግን ደረጃ የሚቸግራቸውንም ጠቅሷል። ስለዚህ እኛም ወረቀት ላይ ከስዕሉ ሰፍተን ነበር።

የማይታይ ጉዳትን ደግሞ ከማንም በፊት ልናውቀው የሚገባን እኛ ነበርን። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን 1959 ላይ አዲስ አበባ መጡ፤ 1974 ላይ የፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ያለፈቃዳቸው የሚፈስባቸው፣ በጠረኑ ምክንያት ከባልም ከጎረቤትም የተገለሉ ሴቶችን ያከሙበት ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለችው ሴት እጇም እግሯም ሙሉ ነው። መንገድ ላይ ብታልፍ ማንም አያውቅባትም። አንዳንዶቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሆዳቸው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይኖራሉ። አንዷ ያ የገበያ ሕንፃ ገብታ ቁልፍ ብትጠይቅ ምን ትባል ይሆን?

እዚህ ላይ ክፍሉ ራሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ከረጢቱን መቀየር ያለበት ሰው የውሃ ቧንቧ እዚያው በክንዱ ርቀት ይፈልጋል፤ ተራው ሽንት ቤት ውስጥ ቧንቧው ከበሩ ውጭ፣ ሰው ፊት ነው። ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቦታና የቆሻሻ ማጠራቀሚያም ያስፈልገዋል። ለዊልቸር መዞሪያ ተብሎ የሚተወው 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ልብስ ለመቀየርም ይሆናል። ብሪታንያዊው አርክቴክት ሰልዊን ጎልድስሚዝ ይህን ቀድሞ ገብቶታል። 1956 ላይ በፖሊዮ የተያዘ ሰው ነው። 1963 ላይ ለአካል ጉዳተኞች ስለሚሆን ዲዛይን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፣ ቀጥሎ ኖሪች ከተማ ውስጥ 284 ዊልቸር ተጠቃሚዎችን አነጋገረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ 1997 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን የሚያሰናክለው ሕንፃው ነው አለ፤ በሕፃን ጋሪ የምትቸገረዋንም እናት፣ ሽንት ቤት አንሶ የሚሰለፉትንም ሴቶች ቆጠረ።

«ካልተጠየቀማ ሁሉም ይገባበታል» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው ያ በር ብቸኛው በሩ ነው፤ ውስጥ ገብቶ ስልክ የሚያወራ ሰው ይጎዳዋል። ግን እንደ መሐንዲስ ላስላው። የማያስፈልገው ሰው ቢገባ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የደቂቃዎች ጥበቃ ነው። የሚያስፈልገው ሰው ቢመለስ፣ እኔ የደረሰብኝ ይደርሳል። ሁለቱንም ስህተት ዜሮ የሚያደርግ ጥበቃ የለም፤ በዓይን አይቶ የሚለይማ ጭራሽ የለም።

ጋሼን ከወር በኋላ ሄጄ አገኘኋቸው። ታሪኩን ነገርኳቸው። «ለዊልቸር ብቻ ስጥ ተብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ትእዛዙን የሰጣቸው ሌላ ነው። ትንሽ ቆይተው «ታዲያ እንዲህ ነው ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው ቆሞ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ግን ለሐኪም ነው፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ያዥ አይደለም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሳልታመም፣ ተማሪ ሳለሁ፣ አንዲት ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ሽንት ቤት በእግሯ ስትወጣ አይቼ «ምን ሆና ነው?» ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ስቄያለሁ። እንድትሰማም ፈልጌ ነበር። ሰምታለች። ፊቷን እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ስለዚህ የማውቀውን ልበል። ሌላው ሽንት ቤት የሚሆንላችሁ ከሆነ ያንን ተዉት። የግድ ከሆነባችሁ ግቡ፣ ጨርሳችሁ ቶሎ ውጡ፣ እንዳገኛችሁት ንጹሕ አድርጋችሁ። ዊልቸር ያለው ሰው ከተሰለፈና መቆየት የምትችሉ ከሆነ አስቀድሙት። የሕንፃ ኃላፊ ከሆናችሁ መጥረጊያና ባልዲውን ከዚያ ክፍል አውጡ፣ ጥበቃውንም «የጠየቀህን ሁሉ ስጥ» በሉት። ከበሩ በሁለት እግሩ የሚወጣ ሰው ካያችሁ ደግሞ ዓይናችሁን መልሱና ወሬያችሁን ቀጥሉ። ሌላ ምንም አይጠበቅባችሁም።