ዜፕሊን ያደረበት ጣሪያ

በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አምስት ግዙፍ አዳራሾች አሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ዳቦ፣ አትክልትና ዓሣ ይሸጥባቸዋል። ቀና ብሎ ጣሪያውን ላየ ግን ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ለሽንኩርት መሸጫ ይሄ ሁሉ ቅስት ምን ያደርጋል?

መልሱ ያለው አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነው። የጀርመን ጦር በምዕራብ ላትቪያ፣ ቫይኖዴ በምትባል ቦታ፣ ለዜፕሊን ማደሪያ ሀንጋሮች ሠርቶ ነበር። ዜፕሊን በሃይድሮጂን ጋዝ የምትንሳፈፍ፣ ከ150 ሜትር በላይ የምትረዝም የአየር መርከብ ናት። ከላይ ሆና ቦምብ ትጥላለች፤ መሬት ላይ ግን ነፋስ እንደ ልቡ ይጫወትባታል። ስለዚህ መሀሉ ላይ ምሰሶ የሌለው ሰፊ ቤት ያስፈልጋታል።

ጦርነቱ አለቀ፤ ጀርመኖቹ ሄዱ፤ ሀንጋሮቹ ቀሩ። እ.አ.አ. በ1918 ነጻነቷን ያወጀችው ላትቪያ በጦርነት የደቀቀች አገር ነበረች። ሪጋ ደግሞ በዳውጋቫ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ የነበረውን ገበያዋን የምታስገባበት ቤት ትፈልግ ነበር።

ብዙዎች ይሄን ታሪክ ሰይፍ ማረሻ እንደሆነበት ተአምር ይተርኩታል። እኔን የሚማርከኝ ግን ስሌቱ ነው። ሀንጋሮቹ እንዳሉ ቢተከሉ ቁመታቸው ለገበያ ይበዛል፤ በብርዱ አገር ሙቀቱ ሁሉ ጣሪያ ሥር ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የላይኛውን ክፍል፣ የብረት ቅስቱን፣ ብቻ ወሰዱ። ከሥሩ አዲስ ግድግዳ ገነቡ፤ ከመሬት በታች ደግሞ የምግብ ማቆያ ምድር ቤትና መተላለፊያ ሠሩ። ሥራው ከ1924 እስከ 1930 ፈጀ። ሶፍትዌር ስሠራ ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ እጄ ሲገባ የምጠይቀውም ይሄንኑ ነው፤ የትኛው ይጠቅመኛል፣ የትኛውን ልተወው?

ሁለተኛ ሕይወት ግን ዋስትና የለውም። ገበያው ከተከፈተ አሥር ዓመት ሳይሞላው የሶቪየት ጦር ገባ፤ ቀጥሎ ናዚዎች፤ ከዚያ ሶቪየቶች ተመለሱ። ስሙ ሳይቀር ተቀይሮ «የኮልሆዝ ገበያ» ተባለ። ከጦርነት የመጣው ጣሪያ ጦርነት ተመልሶ መጣበት ማለት ነው። ያተረፈው ደግሞ ትልቅ ሐሳብ አይመስለኝም፤ የመጣው ገዢ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ዳቦ መግዛት አለበት።

እ.አ.አ. በ1997 የሪጋ ታሪካዊ ማዕከል በዩኔስኮ ሲመዘገብ ገበያውም የቅርሱ አካል ሆነ። ሙዚየም ግን አልሆነም። ዛሬም እዚያ ቅስት ሥር ሰው በዓሣ ዋጋ ይከራከራል።