ጋደም የሚባልባቸው ወንበሮች፦ የቤይሩት አሮጌ መቀመጫዎችና አመራረጣቸው

በቤይሩት ቤቶች ታሪክ ወንበር ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ባለጸጋው የሚቀመጠው ዲቫን ላይ ነበር። ዲቫን የእልፍኙን ግድግዳ ተከትሎ የሚሠራ፣ ፍራሽ የሚነጠፍበትና ትራስ የሚደረደርበት ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው፤ በኢትዮጵያ የገጠር ቤት መደብ ላይ ያደገ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። መደገፊያው ግድግዳው ራሱ ነው። እንግዳው እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ጨዋታው ሲረዝም ክርኑን ትራስ ላይ ጥሎ ጋደም ይላል። ለመቀመጥና ለመጋደም ሁለት የተለያየ ዕቃ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው ከቤይሩት በስተ ደቡብ ምሥራቅ ተራራው ላይ ባለው የአሚር በሺር ዳግማዊ የበይተዲን ቤተ መንግሥት፣ በከተማው ውስጥ ደግሞ በሱርሶክ ሙዚየም የዐረብ ሳሎን ያገኘዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወንበር በብዛት የገባው ከንግድ ጋር ነው። የሊባኖስ ተራራ ሐር ወደ ፈረንሳይ መጫን ሲጀምር ቤይሩት የተራራው ወደብ ሆነች፤ በ1863 ከደማስቆ ጋር የሚያገናኛት የሠረገላ መንገድ ተከፈተ፣ በ1895 ባቡሩ ተከተለ። መሐል አዳራሽ ያላቸው፣ በሦስት ቅስት መስኮት ወደ ውጭ የሚያዩ፣ ጣሪያቸው ቀይ ሸክላ የሆነ ቤቶች የተስፋፉት በዚሁ ዘመን ነው። መሐል አዳራሹ ሰው የሚታይበትም የሚታዘብበትም ቦታ ነበርና ከአውሮፓ የመጣ ከፍ ያለ ወንበር ተደረደረበት። ዲቫኑ ግን ወዲያው አልጠፋም፤ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖረዋል። በ1860 በአሽረፊዬ ኮረብታ ላይ የተሠራው የሱርሶክ ቤተሰብ ቤተ መንግሥት የዚህ ድብልቅ ጣዕም ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል።

የአውሮፓ ጣዕም ሲባል በቤይሩት ሳሎን በመጀመሪያ የሚታሰበው በፈረንሳይ ነገሥታት ስም የሚጠራው ባለወርቅ ቅብ ወንበር ነው። የሉዊ 15ኛ የሚባለው እግሩ ይጎብጣል፣ የሉዊ 16ኛው ቀጥ ብሎ ቦይ ይወጣበታል። ሻጩ «ሉዊ» ሲል ግን ዘመኑን ሳይሆን ቅርጹን እየነገረ መሆኑን ገዢው ማወቅ አለበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የተሠራ ወንበር በገበያ ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ የሚገኘው በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ፣ በግብፅና በሊባኖስ እጆች የተቀዳ ነው። ይህ አያሳፍርም። የትሪፖሊ አናጺዎች በእንጨት ሥራ ስማቸው የተጠራው በከንቱ አይደለም፤ በደንብ የተሠራ የሀገር ቤት ቅጂ ከተጎሳቆለ የፓሪስ ወንበር ይልቅ ለመኖሪያ ቤት ይሻላል። ማጭበርበር የሚሆነው ቅጂው በዋናው ዋጋ ሲሸጥ ነው። ወርቁም ይመረመራል፦ እውነተኛ የወርቅ ቅጠል ሲሳሳ ከሥሩ ቀይ አፈር መሰል ቅብ ይታያል፤ በነሐስ ዱቄት የተቀባው ግን ጊዜ ሲያልፍ ወደ ቡናማ ይጠቁራል።

የደማስቆ ወንበር ሌላ ዓለም ነው። በዋልነት እንጨት ላይ አጥንትና አብረቅራቂ የባሕር ዛጎል በትናንሽ ቁራጭ እየተሰካ የሚሠራው ይህ ዕቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአገሬው ሳሎንም ለአውሮፓ ጎብኚም ይመረት ነበር። ለዓይን የሚያምረውን ያህል ለጀርባ አይመችም፤ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ ቅርጻ ቅርጹም ልብስ የሚይዝ ነው። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ወንበር ለጌጥ መያዝ ተገቢ ሲሆን ሙሉ የሳሎን ስብስብ መግዛት ግን ለዕለት ኑሮ አይመከርም። ሻጩ «የዝሆን ጥርስ ነው» ቢል ነጩን ክፍል በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። አጥንት ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችና ጭረቶች አሉት፤ ፕላስቲክ አንድ ወጥ ነው፤ እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ስለተከለከለ ገዢው ድንበር ላይ ችግር ይጠብቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የቤይሩትን ሰው ያስቀመጠው ግን በእንፋሎት የተጎበጠው የእንጨት ወንበር ነው። ሚካኤል ቶኔት በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር ከስድስት የእንጨት ቁራጮች፣ ከአሥር ብሎኖችና ከሁለት ዳዶዎች የሚገጠም ነበር፤ ተፈታቶ 36ቱ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባል። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል እንደተሸጠ ይነገራል። የኦስትሪያ ሎይድ የተባለው የመርከብ ኩባንያ የትሪዬስቴን ወደብ ከሌቫንት (ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን) ወደቦች ጋር ስለሚያገናኝ እንዲህ ተፈታቶ የሚጫን ዕቃ ለቤይሩት ሩቅ አልነበረም። የሊባኖስ ቡና ቤቶች ይህን ወንበር «ኩርሲ ኸይዘራን» ብለው ተቀብለውታል። የቶኔት የባለቤትነት መብት በ1869 ካበቃ በኋላ ያዕቆብና ዮሴፍ ኮን የተባሉትን ጨምሮ ብዙ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ስለሠሩ፣ ገዢ ወንበሩን ገልብጦ በመቀመጫው ቀለበት ውስጠኛ ፊት ላይ የተተኮሰ ማህተም ወይም የተለጠፈ ወረቀት መፈለግ አለበት። ማህተም ባይኖርም ወንበሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ክብ የሆነው እንጨት ከአንድ ዘንግ የተጎበጠ ከሆነና ሳይሰነጠቅ ከቆየ ዋናው ነገር አለ።

የመቀመጫው ሽመና ሌላ ምልክት ይሰጣል። በእጅ የተሠራው በክፈፉ ዙሪያ በተበሱ ቀዳዳዎች እያንዳንዱ ክር ተስቦ የተሠራ ነው፤ በፋብሪካ የተሸመነው ግን እንደ ጨርቅ ተቆርጦ በቦይ ውስጥ ይወተፋል። የቀድሞው ቀዳዳ ተሞልቶ በቦይ የተተካበት ወንበር ብዙ ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ለመቀመጥ ምንም አይጎድለውም።

ጋደም የሚባልበት ወንበር ከእነዚህ የተለየ የዘር ሐረግ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የጨዋነት ምልክት ስለነበር ሳሎን ውስጥ ጋደም ማለት ለሕመምተኛ፣ ለመንገደኛና ለአረጋዊ ብቻ የተፈቀደ ነበር። በ1866 ገደማ የእንግሊዙ የሞሪስ ድርጅት መደገፊያው ወደ ኋላ የሚዘም ወንበር አወጣ፤ ከኋላው በጥርሶች ላይ የምትገባ ዘንግ ቦታዋን ስትለውጥ የመደገፊያው አንግል ይለወጣል። ይህ ስልት እስከ ዛሬ ከታዩት ሁሉ ቀላሉና ለጥገና የሚመቸው ነው። ቶኔት በ1860 የሚወዛወዝ ወንበር አወጣ። በሕንድ የእንግሊዝ ባለእርሻዎች እግር የሚዘረጋበት ረጅም ክንድ ያለውን ወንበር አዘወተሩ። መርከቦች ላይ የሚታጠፍ የእንጨት ወይም የሸራ ወንበር ተለመደ። በሳምባ ነቀርሳ ማገገሚያዎች ደግሞ ሕሙማን በሰገነት ላይ ለሰዓታት የሚተኙበት ረጅም ወንበር የሕክምናው አካል ሆነ፤ ሊባኖስም በሃማናና በበሐነስ እንዲህ ዓይነት ማገገሚያዎች ነበሯት። ሁለት አሜሪካውያን ዘመዳሞች በ1928 በሚሺጋን በሠሩት የእንጨት ወንበር የተጀመረው ዘመናዊው ባለሞላ ወንበር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በቤይሩት ይህ ዓይነቱ ዕቃ ቦታውን ያገኘው ከሳሎን ይልቅ በሰገነትና በተራራ ቤት ነው። የበጋው ወበቅ ሲከብድ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ አሌ፣ ወደ ብሐምዱንና ወደ ሶፋር ይወጣል፤ የሶፋር ታላቁ ሆቴል በ1892 የተከፈተው ለዚሁ ልማድ ነው። ለእንዲህ ያለው ወቅታዊ ኑሮ የሚመቸው ቀላል፣ የሚታጠፍ፣ በአንድ ሰው የሚነሳ ወንበር ነው። ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ሱቆች ጥግ ሸራው የበሰበሰ፣ እንጨቱ ግን ጤነኛ የሆነ ታጣፊ ወንበር ይገኛል፤ ሸራ በቀላሉ ስለሚተካ ይህ ከሁሉ የተሻለ ግዢ ነው።

ጋደም ማያ ወንበር የሚገዛ ሰው ከውበቱ በፊት መጋጠሚያውን ይመልከት። ዘንጓ የምታርፍባቸው ጥርሶች ከተበሉ መደገፊያው ከነሰውየው ወደ ኋላ ይወድቃል። ማጠፊያው ላይ ልጅ ጣቱን እንዳያስገባ ክፍተቱን መመልከት ያስፈልጋል። የአሮጌ ጋደም ማያ መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ከተለመደው 45 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው መነሣት ይከብደዋል። ሙሉ ሲዘረጋ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያም በላይ ወለል ይይዛል። የቤይሩት አፓርታማ ሊፍት ጠባብ፣ መብራቱም የሚጠፋ መሆኑ ሲታሰብ ወንበሩ ተፈትቶ በደረጃ መውጣት መቻሉ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሊባኖስ ነፃ ከወጣች በኋላ ቤይሩት የራሷን ዘመናዊ መቀመጫ ፈለገች። ፈረንሳዊው የቤት ውስጥ ውበት ነዳፊ ዣን ሮያየር በ1947 በከተማዋ ቢሮ ከፍቶ ከአርክቴክት ናዲም መጅደላኒ ጋር ሠራ፤ በ1951 የተከፈተው የብሪስቶል ሆቴል የእርሱ እጅ ያረፈበት ነው። ሆቴሉ በ2020 ተዘጋ። የሮያየር ወንበሮች ዛሬ በዓለም አቀፍ ጨረታዎች እጅግ ውድ ስለሆኑ፣ ሰነድ ሳይኖር «ሮያየር ነው» የሚል ሻጭ ሊጠረጠር ይገባል። ለተራ ገዢ የበለጠ የሚጠቅመው የአገሬው አርክቴክት ኸሊል ኹሪ መንገድ ነው፤ በሐምራ ሠፈር ሕንፃ ባቆመለት ኢንተርዲዛይን በተባለው ድርጅቱ በኩል በሊባኖስ የተሠራ ቀለል ያለ ዘመናዊ ዕቃ ለማስለመድ ሞክሯል። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የሊባኖስ ወንበር ገና ዝነኛ ባለመሆኑ፣ ከጥራቱ አንጻር የሚገባውን ዋጋ አላገኘም።

ከ1975 እስከ 1990 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት የብዙ ሳሎኖችን ዕቃ በተነ። ባለቤቶቹ ተሰደዱ፣ ቤቶች ተዘረፉ፣ ወራሾች ሸጡ። አንድ ላይ የነበረ የስምንት ወንበር ስብስብ ዛሬ ሦስቱ አንድ ሱቅ፣ ሁለቱ ሌላ ሱቅ የሚገኘው ለዚህም ነው። ዋናው ገበያ በመሐል ከተማው አቅራቢያ ያለው የባስታ ሠፈር ነው፤ በኦክቶበርና በኖቬምበር 2024 በእስራኤል የአየር ጥቃት ሕይወት የጠፋበትም ይኸው ሠፈር ነው። ርካሽና ያልታጠበ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በሲን ኤልፊል ዳር፣ በቤይሩት ወንዝ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ኤልአሐድ ይሄዳል። ዋጋ በዶላር ነው የሚነገረው፤ ለረጅም ዓመታት አንድ ዶላር በ1,507.5 ይመነዘር የነበረው የሊባኖስ ሊራ ከ2019 በኋላ ወድቆ 89,500 ደርሷል።

ገበያ ላይ የወንበርን ዕድሜ የሚናገረው ሆዱ ነው። የራሱ ስንጥቅ መሐሉን የሳተና ጫፉ ዱልዱም የሆነ ብሎን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ስንጥቅ ያለው ብሎን ግን ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው፣ ቢያንስ ጥገና ተደርጓል ማለት ነው። ጨርቁ ሥር የፈረስ ፀጉርና ገመድ ካለ አሮጌ አሠራር ነው፤ ስፖንጅ የመጣው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው። ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻውን አያስፈራም፤ ከቀዳዳው አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ ግን ነቀዙ በሕይወት አለ። በሁለት እጅ ይዞ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ወንበር የግድ አይጣልም፤ የድሮው ማጣበቂያ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ በሙቅ ውሃ ተፈትቶ እንደገና ይጣበቃል። በዘመናዊ ጠንካራ ማጣበቂያ ወይም በሚስማር የታሠረው ነው የማይድነው።

ጥገናው በከተማዋ ምሥራቅ በቡርጅ ሐሙድና በአካባቢው ጠባብ መንገዶች ይገኛል። ሠፈሩን በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የቆረቆሩት ከዘር ማጥፋቱ የተረፉ አርመኖች ናቸው፤ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸውን አርባ ልጆች የበተነው ስደት ይኸው ነው። ዛሬ በዚሁ ሠፈርና በአጎራባቹ ዶራ እሑድ እሑድ አማርኛ ይሰማል። በብዙ ሳሎን ውስጥ ወንበሩን በየሳምንቱ የሚወለውሉት የቤት ሠራተኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ስለሆኑ የዕቃው የትኛው ጎን እንደሚንቀጠቀጥ ከባለቤቱ በፊት ያውቃሉ። ሼላክ የተባለውን ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ነጭ እድፍ ያወጣል፤ የሚያስፈልገው ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ ይህንንም ለሠራተኛዋ መንገር የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ኦገስት 4 ቀን 2020 የወደቡ ፍንዳታ የአሽረፊዬንና የጀማይዜን ቤቶች ሲመታ የሱርሶክ ቤተ መንግሥትም ክፉኛ ተጎዳ፤ የቤቱ እመቤት ኢቮን ሱርሶክ ኮክራን በደረሰባቸው ጉዳት በዚያው ወር መጨረሻ አረፉ። ከዚያ በኋላ፣ አሮጌ ወንበሮችን በአሮጌ ጨርቆች በማልበስ የሚታወቀው በሁዳ ባሩዲና በማሪያ ሂብሪ የተመሠረተው የቦክጃ ስቱዲዮ በመስታወት ስብርባሪ የተቀደዱ ሶፋዎችን ስፌቱ በግልጽ በሚታይ ቀይ ክር ጠገነ። ጉዳትን መደበቅ የሚፈልግ ገዢ ይህን ላይወደው ይችላል፤ ለዕቃው ታሪክ ግን ከአዲስ ጨርቅ የበለጠ ታማኝ ነው።

ወንበሩን ከሊባኖስ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ሕጉን ይወቅ። በ1933 የወጣው የቅርስ ደንብ በመሠረቱ ከ1700 በፊት የተሠሩ ዕቃዎችን ስለሚመለከት ተራ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንበር በዚያ ድንጋጌ ውስጥ አይወድቅም፤ ይሁን እንጂ ባለሥልጣኑ ከዚያ ወዲህ የተሠራን ዕቃ በቅርስነት ሊመዘግብ ስለሚችል ከሻጩ ዕድሜውንና ምንጩን የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበል ይበጃል። ጉዞው በመርከብ ከሆነ በእጅ የተሸመነ መቀመጫ ላይ ምንም ነገር አይጫንበትም፤ ጋደም ማያው ወንበርም ዘንጉ ወጥቶ ለብቻው ታስሮ ይሄዳል።