ይዞራል፣ ግን አይሞቅም

አራስ ነበርኩ። ልጄ ከተወለደ ሦስት ሳምንቱ፣ እማዬ እኔን ልታርስ ከአዲስ አበባ ከመጣች ደግሞ አንድ ወሯ። ቤታችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በአንድ መስመር ተደርድረው ግድግዳ ከሚጋሩት ቤቶች አንዱ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እማዬ የልጁን እርጥብ ልብሶች እንደታቀፈች ከምድር ቤት ወጣችና፣ «ይሄ ማሽንሽ ሲዞር ይውላል እንጂ አያደርቅም» አለችኝ።

ወርጄ አየሁት። ድራየሩ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። ከበሮው ይዞራል፤ በሩ ሲከፈት ትንሿ አምፖል ትበራለች። እጄን ስሰደው ግን ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። አርባ ደቂቃ የዞረው ልብስ እንደገባ ወጣ። ጨርሶ ቢሞት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ምን እንደሆነ ይታወቃል። እንዲህ ግማሹ እየሠራ ግማሹ ሲለግም ነው ሰውን የሚያናድደው።

እማዬ አልተናደደችም። ኤፕሪል ነው፣ ፀሐይዋ ወጥታለች። ከጓሮው በረንዳ እስከ ዛፉ ገመድ ወጥራ የልጁን ጨርቅ፣ የእኔን ቀሚስ፣ የራሷን ነጠላ አሰጣች። በአራተኛው ቀን ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ልብስ ውጭ ማስጣት የሰፈሩን ገጽታ ያበላሻል፣ ገመዱ ይነሳ ይላል። ለእማዬ ተረጎምኩላት። ደግማ አስተረጎመችኝ። «ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው ያስቀጣሽ?» አለች፤ ከዚያ ብዙ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ቅጣት ሊጽፉብን ይችላሉ ብዬ ገመዱን ፈታሁት።

ስለዚህ ቴክኒሻን ጠራሁ። የመጣው ልጅ ማሽኑን አስነስቶ፣ እጁን አስገብቶ፣ ማሞቂያው ተቃጥሏል አለኝ። ከፍቶ አላየውም። ለመጣበት 90 ዶላር ተቀበለ፤ ለጥገናው ደግሞ 340 እንደሚሆን፣ አዲስ ብገዛ እንደሚሻለኝ ነግሮኝ ሄደ።

ከባለቤቴ ጋር በአንድ እድር ያሉ አንድ ጋሼ አሉን። አዲስ አበባ ረጅም ዘመን የኤሌክትሪክ ሥራ ሠርተው፣ እዚህ ግን ዋሽንግተን መሃል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠሩት። አራስ ሊጠይቁ መጡ። ገንፎውን በልተው፣ ልጁን መርቀው ሲያበቁ እማዬ የማሽኑን ነገር አነሳችባቸው። መኪናቸው ውስጥ ቴስተርና ካቻቢቴ አይጠፋም።

የገረመኝ፣ ማሽኑን አልነኩትም። ስፒናውን ነቀሉና ቴስተሩን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ከተቱ። አንዱ ቀዳዳ 120 ቮልት አለ። ሁለተኛው ዜሮ። «ልጄ፣ ማሽንሽ ደህና ነው። አንዱ ፌዝ ነው የሞተው» አሉኝ። (ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፌዝ ማለት በእሳቸው ሙያ ጉልበቱን ይዞ የሚመጣው ሽቦ ነው።)

«ጋሼ፣ መብራት እንዴት ግማሹ ይጠፋል? ወይ አለ ወይ የለም።»

«እኛ አገር ሰፈር ለሰፈር ነው የሚካፈለው። እነ እንትና ቤት ሲበራ እናንተ ጨለማ ትሆናላችሁ፣ አይደል? እዚህ ቤትሽ ድረስ ገብቶ ነው የሚካፈለው። አሜሪካኖቹ ሲጀምሩ እንዲህ ሠሩት።»

ሲጀምሩ የሚለው ቃል አልለቀቀኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ልጅ እያጠቡ ከማንበብ ሌላ ምን ይሠራል? አነበብኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመዳብ ነው። ቶማስ ኤዲሰን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ኒውዮርክ፣ ፐርል ስትሪት ላይ ማመንጫውን ከፍቶ መብራት መሸጥ ሲጀምር፣ አምፖሎቹ የተሠሩት ለ110 ቮልት ገደማ ነበር። ቮልት ልክ እንደ ውሃ ግፊት ነው። ግፊቱ ዝቅ ካለ ያንኑ ያህል ውሃ ለማድረስ ቧንቧው መስፋት አለበት። ኤዲሰንም በዝቅተኛ ቮልት ብዙ አምፖል ለማብራት ወፋፍራም የመዳብ ሽቦ ከመንገድ በታች መቅበር ነበረበት። መዳብ ደግሞ ውድ ነው። ትልቅ ከተማ መሃል፣ ደንበኛው ተጠጋግቶ ሲኖር ያዋጣል፤ ትንሽ ከተማ ላይ ግን ሽቦው ብቻ ያከስራል።

መላው እንዲህ ሆነ። ሁለት ማመንጫዎችን አንዱን ከሌላው አስከትሎ ማገናኘት፣ ከሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ሽቦ፣ ከመሃላቸው ሦስተኛ ሽቦ ማውጣት። ከመሃሉ ወደ የትኛውም ጫፍ 110 ቮልት አለ፤ ከጫፍ ጫፍ 220። የግማሹ ሰፈር አምፖል በአንደኛው ወገን፣ የሌላው በሁለተኛው ይሰቀላል። ሁለቱ ወገን ከተመጣጠነ በመሃለኛው ሽቦ የሚያልፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መወፈር አያስፈልገውም። በዚህ ብልሃት ከመዳቡ ከ60 በመቶ በላይ ተረፈ። እንግሊዝ አገር ጆን ሆፕኪንሰን የሚባል መሐንዲስም ይህንኑ ለብቻው ደርሶበት ነበር። ኤዲሰን ጁላይ 4 ቀን 1883 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሰንበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ሦስቱን ሽቦ ዘርግቶ አንድ ሆቴል አበራ። አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ ሦስት ዓመት ይቀራታል።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኤዲሰን የሙጥኝ ያለው ቀጥተኛ ፍሰት በተለዋዋጩ ተሸነፈ። ሦስቱ ሽቦ ግን አልተሸነፈም፤ አዲሱም ሥርዓት ወረሰው። ዛሬም ከቤቴ ውጭ ያለው ትራንስፎርመር 240 ቮልት ያወጣና መሃሉ ላይ ይከፈላል። ለአምፖሉ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለስልኩ ቻርጀር ከግማሾቹ አንዱ ይበቃል። ሁለቱንም ጫፎች የሚጠይቁት ሆዳሞቹ ናቸው፤ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ድራየር።

ድራየሩ ደግሞ በውስጡም ለሁለት የተከፈለ ነው። ሞተሩ፣ ሰዓቱና አምፖሏ በአንደኛው ወገን 120 ቮልት ይኖራሉ። አምስት ሺህ ዋት አካባቢ የሚበላው ማሞቂያ ከጫፍ ጫፍ ነው የታሰረው። ሞተሩ የሌለበት ወገን ሲሞት ከበሮው ይዞራል፣ አምፖሏ ትበራለች፣ ሙቀት የለም። የእኔ ማሽን ያመመው ሰንበሪ ላይ መዳብ ለመቆጠብ የተሰነጠቀው ስንጥቅ ነበር። 340 ዶላር የተጠየቅሁበት ማሞቂያ ምንም አልሆነም።

እግረ መንገዴን፣ ለምትቸገሩ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ድራየራችሁ እየዞረ ካልሞቀ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉትና መልሳችሁ አብሩት፤ ለድራየር የሚሆነው ጥንድ ነው፣ አንደኛው ጎኑ ከውስጥ ሞቶ ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ ከማሽኑ ጀርባ ወደ ውጭ የሚወጣውን ቱቦ እዩ። በብናኝ ከተደፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማሽኑን ከቃጠሎ የሚጠብቀው ቫልቮላ ይቆርጣል፤ ቱቦውን ሳትጠርጉ ቫልቮላውን ብቻ ብትቀይሩ አዲሱም ይቆርጣል። ማሞቂያው መጠርጠር ያለበት ከነዚህ በኋላ ነው። ስፒናው ሳይነቀል ግን ማሽኑን አትክፈቱ።

ጋሼ የሆነ ሆኖ ለማረጋገጥ ብለው ማሞቂያውን አውጥተው አሳዩን። እንደ ጸደይ የተጠመዘዘ ረጅም ሽቦ ነው። እማዬ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ሬዚስታንስ አይደል እንዴ? ታዲያ ምጣድ ነው በሉኛ!» አለች። ጋሼ ሳቁ፤ «እትዬ፣ እሱው ነው» አሏት። እውነትም እሱው ነው። አልበርት ማርሽ የሚባል አሜሪካዊ ኒኬልንና ክሮምን ቀላቅሎ፣ ግሎ ቀልቶ ቶሎ የማይበላ ሽቦ ሠራና በ1906 የፈጠራ መብት አገኘበት። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ስር ተጠምዝዞ እንጀራ የሚያበስለው ያ ዘር ነው። እማዬ የራሷን ምጣድ ሽቦ ሁለት ጊዜ አስቀይራለች፤ ከቴክኒሻኑ ይልቅ ማሽኑን የምታውቀው እሷ ነበረች።

የማድረቂያው የራሱ ታሪክ ከኤሌክትሪክ ይቀድማል። በ1800 ገደማ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዳዳ የበዛበት ከበሮ ሠርቶ እሳት ላይ በእጅ ያዞር ነበር። ልብሱ ይደርቃል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። (በወይራ የታጠነ ነጠላ ለምንወድ ይሄ ምኑ ነው ችግሩ?) ጁን 7 ቀን 1892 ደግሞ ጆርጅ ሳምፕሰን፣ የዴይተን ኦሃዮ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ከምድጃ በላይ ልብስ የሚሰቀልበት መደርደሪያ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ። ባርነት በሕግ ከቀረ 27 ዓመቱ ነው። ሳምፕሰን ዘመናዊውን ድራየር ፈጠረ የሚል ጽሑፍ በየቦታው ይዞራል፤ ትክክል አይመስለኝም፣ መደርደሪያው ከበሮም ሞተርም የለውም። ግን የክረምቱን ችግር፣ ልብስ በቤት ውስጥ እሳት እንዴት ያለ ቃጠሎ ይድረቅ የሚለውን፣ አስቦበታል።

ሞተር ያለውን ያመጣው የሰሜን ዳኮታው ሮስ ሙር ነው። እዚያ በክረምት የተሰጣ ሸሚዝ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፣ ማለቴ ይጋገራል። ሙር ልብስ ውጭ መስቀል አንገፍግፎት ምድጃና ከበሮ ያለበት ጎጆ ሠራ፤ ከዚያ ለዓመታት ሲያሻሽለው ቆይቶ ሐሳቡን ዊስኮንሲን ላለው ሃሚልተን ኩባንያ ሸጠ። ማሽኑ በ1938 ገበያ ወጣ። ስሙን ምን አሉት? «ጁን ዴይ»፤ የሰኔ ቀን። እማዬን ይሄ ነው የገደላት። በሰኔ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ልብስ ይደርቃል? መስታወት በሩ ላይ የተደረገው ደግሞ ብሩክስ ስቲቨንስ የተባለ ዲዛይነር ስለመከረ ነው ይባላል፤ ሰው ምንነቱን እንዲያውቅ ደማቅ ቀለም ያለው የውስጥ ሱሪ ከቶ ሱቅ ውስጥ ማዞር ነው ብሏቸዋል።

የእማዬ ገመድ ለምን አሳፋሪ ሆነ ለሚለው መልሱ ያለው ከጦርነቱ ማግስት ባሉት ዓመታት ይመስለኛል። በ1956 የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችና እንደ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ ያሉ ፋብሪካዎች «በኤሌክትሪክ የተሻለ ኑሩ» የሚል ዘመቻ ከፈቱ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን፣ ያኔ ተዋናይ፣ በቴሌቪዥን የራሱን ቤት ማሽኖች እያሳየ ያስተዋውቅ ነበር። ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሪክ የሆነ ቤት በሩ ላይ የወርቅ ሜዳልያ ምልክት ይለጠፍለታል። ሜዳልያ ያለው ቤት ካለ፣ ገመድ ያለው ቤት ምን ይባላል? የድሃ ቤት። ድህነትን በደንብ የሚከለክሉ ማኅበራትም አብረው በዙ።

ሩት ሽዋርትዝ ካወን የምትባል የታሪክ ሊቅ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ማሽኖቹ የእናቶችን የሥራ ሰዓት እንዳልቀነሱ ትከራከራለች። ቀድሞ ወደ ልብስ አጣቢ ይላክ የነበረው ወደ ቤት ተመለሰ፤ ባልና ልጆች ያግዙበት የነበረው ለአንዲት ሴት ተረፈ፤ ንጽሕና የሚባለውም መለኪያ ከፍ አለ። ይሄን ሳነብ እማዬን አሰብኩ። ቅዳሜ ሳፋ አውጥታ ስታጥብ አጠገቧ እህቷ፣ ጎረቤቷ፣ እኛ ውሃ የምንቀዳ ልጆች ነበርን። ሥራው ይከብዳል፣ ጀርባዋ እስከ ዛሬ ያማታል፤ አላስጌጠውም። እኔ ግን ምድር ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ማሽኑም ሲበላሽ የሰማችው እሷ ባትሆን ማን ይሰማ ነበር?

ጋሼ በማግስቱ 20 ዶላር በማይሞላ ዋጋ አዲስ ብሬከር ገዝተው መጡ። ዋናውን አጥፍተው ቀየሩት። (ዋናው ቢጠፋም ከውጭ የሚገቡት ሽቦዎች ሕያው ናቸው፤ ሙያው ከሌላችሁ አትሞክሩት።) ማሽኑ ሞቀ። እማዬ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች።

ደብዳቤውንም መለስኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ እንደኛ ዓይነት ቤት ያለውን ሰው ገመድ ጨርሶ መከልከል አይቻልም፤ ሕግ አለ። ማኅበሩ ማለት የሚችለው የት ይሁን፣ እንዴት ይሁን ብቻ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ መለሱልኝ፤ ከጓሮ አጥር በታች ከሆነ ይፈቀዳል አሉ። እማዬ ያኔ ተመልሳ ሄዳለች። በስልክ ነገርኳት። «ገመዱን የት አደረግሽው?» አለችኝ። መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ከነመቆንጠጫው ጠቅልላ አስቀምጣልኝ ነው የሄደችው።