በሐዲድ የመጣው ኮርድ

በ1879 እ.ኤ.አ. ከማዴይራ ደሴት የተነሡ ፖርቱጋላውያን ሠራተኞች ሆኖሉሉ ወደብ ሲደርሱ ትንሽዬ ባለ አራት ክር መሣሪያ ይዘው ነበር። ኡኩሌሌ ከእሷ ተወለደ፤ ንጉሥ ካላካዋም ወደደው። ከዚያ ወዲህ የሃዋይ ዘፋኝ ከስንኝ ወደ ስንኝ ሲሻገር ጣቶቹ ሦስት ኮርድ ያዞራሉ፤ ሬ ሰባተኛ፣ ሶል ሰባተኛ፣ ዶ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጆሮን ያንጠለጥላሉ፣ ሦስተኛው ያሳርፋል።

ለሆኖሉሉ ወደቧ የሆነላትን ለድሬዳዋ ሐዲድ ሆነላት፤ የባሕር በሯ እሱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር የሐረርን ዳገት ትቶ በ1895 ዓ.ም. ቆላው ላይ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ከዚያ ጀምሮ የየመኑ ነጋዴ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዩ የየራሱን ድምፅ ይዞ በዚህ አለፈ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው የነሐስ ሙዚቀኞች፣ አርባዎቹ አርመን ልጆች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ የገቡት በዚሁ መስመር ነው። የነሐስ ሙዚቃና የምዕራቡ ኮርድ በድሬዳዋ በኩል አለፉ ማለት ነው።

የከተማዋ የራሷ ጆሮ ግን ሌላ ነበር። የኦሮሞው፣ የሶማሌውና የሐረሪው ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ ከበሮና ጭብጨባ ይመራዋል። ባለ ክሩ መሣሪያ ኡድም አንገቱ ላይ የድምፅ መከፋፈያ ስለሌለው ዘፋኙን እግር በእግር ይከተላል እንጂ ኮርድ አያነጥፍለትም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ ቡድን፣ ኋላም ከውስጡ የወጣው አሊ ቢራ፣ የኦሮምኛን ዘፈን ወደ ዘመናዊ መድረክ ሲያወጡ ጥያቄው እጃቸው ላይ ወደቀ፦ ጊታር ሲመጣ ከዜማው ሥር ምን ይነጠፍ?

ጉዳዩ በእጅ የሚቆጠር ነው። ሁላችንም የምናውቀውን የሜጀር ትዝታ ቅኝት እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከነዚህ አምስት ድምፆች ሙሉ ሆነው የሚወጡት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። የሃዋዩ ሬ ሰባተኛ ፋ ዲየዝ ይፈልጋል፣ ሶል ሰባተኛ ደግሞ ሲንና ፋን። ሦስቱም ድምፆች ትዝታ ውስጥ የሉም። እዚያ የሚያሳርፈው ዙር እዚህ እንግዳ ድምፅ ያስገባል፤ በኪቦርድ የተዘጋጀ አጃቢ ያለ ሐሳብ ሲጫንበት ዜማው ሲሸሽ ይሰማኛል፣ ያንገበግበኛልም። ሁለቱን ኮርዶች ብቻ እያመላለሱ ከበሮው ወደ ፊት እንዲነዳው መተው ይሻላል።

የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲሠራ ከዚሁ ጋር ታግሏል፤ የኢትዮጵያን ዜማ ሳያፈርስ ለትልቅ ኦርኬስትራ መጻፍ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራም ከትላልቅ ባንዶች ጋር ሲዘፍን ኡዱን አልተወም። ለኮርድ ሲሆን አምባሰል የተባለው ቅኝት ከትዝታም ይብሳል፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። በመነሻው ድምፅ በዶ ላይ የሚቆም ኮርድ ከአምስቱ አይወጣም፤ ጊታሪስቱ ወይ ፋ ማይነር ይመታል፣ ወይ ዶንና ሶልን ብቻ ይይዛል።