ማዕረጋቸውን ትተው መንገድ የወጡት ኢማም



የኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊን (ረሒመሁላህ) ስም ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» የተባለው ኪታባቸው በሸይኾቻችን እጅ ሲገለጥ አይታችኋል። ኢማሙ በዚህ ኪታብ ላይ የደከሙት ግን በባግዳድ ወንበራቸው ተደላድለው ሳይሆን ወንበሩን ትተው መንገድ በወጡበት ዘመን መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ዛሬ ሥራውንም ቤቱንም ጥሎ መሄድ የሚያምረው ሰው በዝቷልና፣ እኚህ ዓሊም እንዴት እንደሄዱ ላወጋችሁ ወደድሁ።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን ምድር ጡስ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ ኢራን ውስጥ ነው። አባታቸው ሲሞቱ እርሳቸውና ወንድማቸው አሕመድ ለአንድ ሱፊ የአባታቸው ወዳጅ በአደራ ተሰጡ። የአደራው ገንዘብ ሲያልቅ ሰውየው ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። እንግዲህ ወደ ዒልም መጀመሪያ የመራቸው የዕለት ጉርስ ነበር ማለት ነው፤ ራሳቸውም በኋላ ይህንን አልሸሸጉም። ከዚያም በኒሳቡር ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። ሸይኻቸው በ478 (እ.ኤ.አ. 1085) ሲሞቱ ወደ ሰልጁቆች ሚኒስትር ወደ ኒዛሙል ሙልክ ሄዱ። በ484 (እ.ኤ.አ. 1091) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው ገና 33 ዓመት ገደማ ነበር። ሦስት መቶ ደረሳ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። ባግዳድ ሲገቡ የለበሱት ልብስና የተቀመጡበት እንስሳ አምስት መቶ ዲናር ያወጣል ተብሎ እንደተገመተ ይተረካል።

አሁን ልብ በሉ። በሀገራችን ደረሳ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸይኽ ተምሮ ሌላውን ፍለጋ ስንቁን ተሸክሞ ከሀገር ሀገር ሲዞር ኖሯል። ይህ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ጉዞ ነው። ኢማም ገዛሊ ግን የተነሡት ጫፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። ተነሥተውም ማንም ወደማያውቃቸው ስፍራ ሄዱ።

ነገሩ የጀመረው በ488 በረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1095) ነው። «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተባለው ኪታባቸው እንዳወሱት፣ ኒያቸውን ሲመረምሩ ማስተማራቸው ለአላህ (ሱ.ወ.) ጠርቶ አላገኙትም፤ ዝናና ክብር ገብቶበታል። አንድ ቀን ልሂድ ይላሉ፤ በማግስቱ ልቡና ይታጠፋል። ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ እንዲህ ሲወላውሉ ቆዩ። በመጨረሻ ምላሳቸው ታሰረ፤ ለደረሶቻቸው አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው። እህልም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞች በሽታው ከልብ የመጣ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ኢማሙ እንዴት ወጡ? ገንዘባቸውን በተኑ፤ ነገር ግን ለልጆቻቸው የሚበቃውን ያህል አስቀሩ። የዒራቅ ገንዘብ ለሙስሊሞች ጥቅም ወቅፍ የሆነ በመሆኑ ዓሊም ለቤተሰቡ ቢወስድ ሐላል መሆኑን እንኳ አስበው ጽፈዋል። መድረሳውን ወንድማቸው አሕመድ በምትካቸው ሆኖ እንዲያስተምር አደረጉ። ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው እንዳያስቀሯቸው ደግሞ ሐሳባቸው ወደ ሻም ሆኖ ሳለ ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው አስወሩ። ይህንንም በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፤ እኔም አልሸፋፍነውም።

አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ኢማሙ የሸሹት ከፍርሃት ነው ይላሉ። በእርግጥ ዘመኑ ያስፈራ ነበር። ኒዛሙል ሙልክ በ485 (እ.ኤ.አ. 1092) ተገድለዋል፤ ሱልጣን መሊክ ሻህም በወሩ ገደማ ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ ወራሾቹ ተፋጁ። ፍርሃቱ ጭራሽ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፈሪ ሰው የሚፈልገው ሌላ ጌታና ሌላ ሹመት ነው። እርሳቸው ግን አሥር ዓመት ያህል አንዱንም አልፈለጉም።

በደማስቆ በታላቁ የኡመውያ መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው ይውሉ ነበር፤ እኛ ኸልዋ የምንለው ነው። አንድ ቀን በአንድ መድረሳ አንድ ሙደሪስ «ገዛሊ እንዲህ ብለዋል» እያለ ሲያስተምር ሰምተው፣ ነፍሴ ትኮራብኛለች ብለው ከተማውን ለቀው ወጡ ተብሎ ይተረካል። ወደ በይተል መቅዲስም ሄደው በቁበቱ-ስ-ሰኽራ በር ዘግተው ተቀመጡ። ይህ መስቀለኞች ቁድስን በ492 (እ.ኤ.አ. 1099) ከመያዛቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ489 (እ.ኤ.አ. 1096) በኸሊል ከተማ በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መቃብር አጠገብ ሆነው ሦስት ነገር ቃል ገቡ፦ የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል፣ ወደ ሱልጣን ደጅ ላለመሄድ፣ በአደባባይ ክርክር ላለመግባት። ከዚያም ሐጅ አደረጉ። በመልስ መንገዳቸው ባግዳድ ላይ ሲታዩ የለበሱት ልብስ አሥራ አምስት ቂራጥ ተገመተ ይባላል፤ አንድ ዲናር እንኳ አይሞላም።

«ኢሕያእ» አርባ ክፍል አለው፤ አሥራ ሰባተኛው የጉዞ አደብ ነው። እባካችሁ ከሸይኾቻችን ዘንድ ተቀምጣችሁ አስነብቡት። መንገደኛ ሶላት ስለማሳጠሩ፣ በኹፍ ላይ ስለማበሱ፣ ቂብላን ስለሚያውቅበት ዘዴ ተዘርዝሯል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ የሚፈጽመው ተጽፏል፦ የበደለውን ይክሳል፤ ዕዳውን ይከፍላል፤ አደራ ይመልሳል፤ ማብላት ግዴታው ለሆኑት ቀለባቸውን ያዘጋጃል። ኢማሙ ለዒልም፣ ለዒባዳ፣ ዲንንም ሆነ አካልን ከሚጎዳ ነገር ለመሸሽ የሚደረገውን ጉዞ ለይተው ካስረዱ በኋላ፣ ያለ ዓላማ ከሀገር ሀገር እየዞሩ የሰው ምግብ የሚበሉትን ሱፊ ነን ባዮች አጥብቀው ይነቅፋሉ። ይህን የጻፈው ራሱ መንገደኛ የነበረ ሰው መሆኑን አትርሱ።

ወደ ቤታቸው የመለሳቸው ምን ይመስላችኋል? የልጆቻቸው ጥሪ ነው። ከሰው ሁሉ ይልቅ ለመመለስ እንግዳ የነበርሁ ሰው ልጆቼ ሳቡኝ የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጽፈዋል። ጡስ ገብተውም ኸልዋቸውን አልተዉም፤ የቤተሰብ ጉዳይና የኑሮ ጣጣ ግን የልባቸውን ጥራት ያደፈርስባቸው እንደነበር አልደበቁም።

በ499 (እ.ኤ.አ. 1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፈኽሩል ሙልክ አጥብቀው ስለጠየቋቸው በኒሳቡር እንደገና ማስተማር ጀመሩ። የድሮው ማስተማር ክብር የሚገኝበትን ዒልም፣ የአሁኑ ደግሞ ክብር የሚተውበትን ዒልም መሆኑን ጽፈዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ጡስ ተመልሰው በቤታቸው አጠገብ ለደረሶች መድረሳ፣ ለሱፊዎችም ማረፊያ አቆሙ። በ505 ጁማደል ኣኺራ 14 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1111) ወደ አኺራ ሄዱ። በቅርብ ያውቋቸው የነበሩት ዐብዱልጋፊር አል-ፋሪሲ እንደመዘገቡት፣ የተረፉላቸው ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ከውርስና ከልፋት የተገኘ ለቤተሰባቸው የሚበቃ ነገር ነበራቸው፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ ሲቀርብላቸው አልተቀበሉም።