የብጉር መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት

በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ የብጉር መድኃኒቶች የሚያስከትሉት ያልተፈለገ ውጤት። 

ከመድኃኒቶቹ ከበድ የሚለው ጠባሳ ለሚተው ብርቱ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን የተባለው ካፕሱል ነው። የሚወስደው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከንፈሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ዓይን የሚቆረቁረው፣ የሚነስረውም አለ። የደም ስብና የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ ግን ቀላሉ ነው። በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ የፅንሱን አንጎል፣ ልብና ፊት ክፉኛ ይጎዳል፤ ስለዚህ ሴቶች ከመጀመራቸው 1 ወር አስቀድሞ፣ በሚወስዱበት ጊዜ ሁሉና ካቆሙ በኋላም ለ1 ወር ማርገዝ የለባቸውም።

ሌላው የብጉር መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚኖር አዲስ አበቤ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። መድኃኒቱን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው የሚተኛ ሰው የምግብ ቧንቧው ሊቆስል ይችላል። ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ መውሰድ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል አይፈቀድም።

ፊት ያጠራል ተብሎ ከጓደኛ የሚወሰደው ክሎቤታዞል የተባለው ቅባት ግን ከነጭራሹ የብጉር መድኃኒት አይደለም፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል።