ሽማግሌው የነገሩት፣ ስድስት ኪሎ የቀረው

ስሙኝማ! ዛሬ የአንድ የጎጃም፣ የሞጣ ልጅ ነገር ላውጋችሁ። ስሙን አትጠይቁኝ፤ አንድ ሰው አይደለምና። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከስድስት ኪሎ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተነሥቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊሠራ ደብተሩን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው የወረደ ተማሪ ሁሉ እሱ ነው።

ጊዜው 1970ዎቹ ነው እንበል። ልጁ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሷል። አማካሪው «በምን ላይ ትጽፋለህ?» ቢሉት «በ1960ው የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ላይ» አላቸው። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያገኘውን አነበበ። ወረቀት ላይ ነገሩ አጭር ነው፦ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ዐወጀ፤ የጎጃም ገበሬ እንቢ አለ፤ ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ። አለቀ? የት ያልቃል!

ልጁ ማኅተም የተመታበትን የትብብር ደብዳቤ ይዞ ሞጣ ገባ። ማኅተም ግን ለጽሕፈት ቤት እንጂ ለሽማግሌ አይሠራም። ሞጣ ጊዮርጊስን ተሳልመው የወጡ አንድ አባት ዘንድ ቀርቦ እጅ ነሣ።

«የማን ልጅ ነህ?»

አባቱን ጠራ።

«የአባትህስ አባት?»

ጠራ።

«እናትህስ ከወዴት ናት?»

ተናገረ። ሊጠይቅ የሄደው ተጠይቆ አለቀ!

«ለመንግሥት ነው የምትጽፈው?»

«ለትምህርቴ ነው አባባ።»

«ያም ግብር በወረቀት ነበር የመጣው» አሉና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ልጁ ዕድሜያቸውን ጠየቀ። «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ፤ ሲወጣ ሚስት አግብቻለሁ» አሉት። አሰላው፤ በ1928 እረኛ፣ በ1933 ባለትዳር። እንግዲያው በ1910ዎቹ አጋማሽ የተወለዱ ናቸው። ሌላው በኅዳር በሽታ፣ ሌላዋ በሰገሌ ጦርነት ይቆጥራሉ፤ የመጀመሪያው 1911፣ ሁለተኛው 1909 መሆኑን ማወቅ የተማሪው ፈንታ ነው።

«ግብሩ ስንት ቢሆንባችሁ ነው የሸፈታችሁ?»

ሽማግሌው ሣቁ። «ብሩን ተወው! መሬታችንን በየስማችን ሊጽፉት መጡ እንጂ። ዛሬ የጻፈ ነገ ቀላድ ይጥላል፤ ቀላድ የጣለ ርስት ይነቅላል።»

ልብ በሉ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። በጎጃም ርስት ከአቅኚ አባት ጀምሮ በዘር የሚወርድ ነበር፤ በአባትም በእናትም ቆጥሮ የመጣ ተወላጅ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ገማች መጥቶ የእያንዳንዱን ማሳና ምርት ሲመዘግብ፣ መንግሥት ገቢውን አሰበ፤ ገበሬው ግን ርስቱ ሲሄድ ታየው። ያን ፍርሃት ካልሰማችሁ፣ ሰው ለግብር ብሎ አውሮፕላን ፊት የቆመ ሞኝ ይመስላችኋል።

ደግሞ ልጁ አንድ ሰው ሰምቶ አልተነሣም። ያኔ በጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው «ገበሬው ምን ያውቃል? ባላባቱ ነው ያነሣሣው» አሉት። አንዲት እናት ደግሞ ሁለቱንም ናቁ፦ «ወንዶቹ ጫካ ሲገቡ ስንቁን ማን አቀበለ? እሱን አልነገሩህም አይደል?» ልጁ ግራ ተጋባ። ኋላ ግን ገባው፤ የታሪክ ተማሪ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን አይጥልም። ማን ምን እንዳጣ፣ ማን ምን እንዳተረፈ፣ ማንስ በዓይኑ እንዳየና በጆሮው እንደሰማ ለይቶ፣ እንደ ዳኛ ምስክር ከምስክር ያስተያያል።

ስድስት ኪሎ ሲመለስ አማካሪው ረቂቁን በቀይ እስክሪፕቶ አቀሉት። «ማን ነገረህ? የት? መቼ?» ስለዚህ ከጽሑፉ መጨረሻ የመረጃ ሰጪዎቹ ዝርዝር ገባ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። የሞጣው ገበሬ ስም በታሪክ መዝገብ ላይ ሰፈረ! ጽሑፉ ተጠረዘ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። እንዲህ ያሉ የተማሪ ጽሑፎችን እነ ታሪክ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሳይቀሩ በምንጭነት ተጠቅመውባቸዋል። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ቃላቸው የቀረው እዚያ ነው።

ይኼ ሁሉ መልካም። አሁን ግን ልጠይቃችሁ፤ ሽማግሌው በአማርኛ ያወሩት በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከሞጣ የወጣው ስድስት ኪሎ ከቀረ፣ የታሪኩ ባለቤት በምን ይወቀው? ልጁ ተመርቆ አገሩ ሲገባ ሽማግሌው የጠየቁት ይኼንኑ ነው፦ «የነገርኩህን እስቲ አንብብልኝ።» እያነበበ በአማርኛ ቢነግራቸው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ አስቆሙት፤ የሁለት ወንድማማቾችን ስም አምታቶ ነበር። አማካሪው ያላገኙትን ስሕተት ሽማግሌው አገኙት!

ስለዚህ የዛሬ ተመራቂ ሆይ፣ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ክፍልህ ስታስገባ፣ ሌላውን በአማርኛ አሳጥረህ ለተወለድክበት ወረዳ ትምህርት ቤት ስጥ። አራሚዎችህ እዚያ ናቸው።